ልጅ የሚይዙልን ዘመዶችና ጎረቤቶች፦ እንዴት ነው የምናግዛቸው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

አያት፣ አክስት፣ የባል እህት፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤት፣ ብቻ ልጃችንን ትተንላቸው ስራ የምንሄድላቸው ሰዎች። "ልጁን ማን ይዞልሽ ነው?" ስንባል "እናቴ" ብለን በአንድ ቃል የምናልፋቸው። ስለነሱ የሚነሱት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ አይነት ስለሆኑ እስቲ አንድ ላይ ልመልሳቸው ብዬ ነው፣ አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ስለማን ነው የምናወራው? ሞግዚትንም ይጨምራል?

አይ፣ በደሞዝ የተቀጠረች ሞግዚት የስራ ውል ምናምን ያለበት የራሷ ሌላ ጉዳይ አላት። እዚህ የምናወራው ፈቃድ ያላወጡ፣ ማስታወቂያ ያልሰቀሉ፣ ልጁን ስለሚያውቁትና ስለሚወዱት ብቻ የሚይዙ ሰዎችን ነው። አንዳንዷ ትንሽ ገንዘብ ትቀበላለች፣ አንዳንዷ ምንም። አንዳንዷ በሳምንት አንድ ቀን ትይዛለች፣ ሌላዋ ደሞ ወላጅ የሌሊት ፈረቃ ስለሚገባ ልጁን አቅፋ ነው የምታድረው። ዴይኬሩ (የህፃናት ማቆያው) ሲዘጋ በሯ ክፍት የሆነች ሰው በሏት በአጭሩ። አጎቶችና ወንድ አያቶችም አሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ግን "እሷ" እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ ወንዶች አትቀየሙኝ።

"እቤት ነው እኮ የምትውለው"፣ ድጋፍ ምን ያደርግላታል?

ይሄን የሚል ሰው ከሁለት ዓመት ልጅ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቀን ብቻውን ይዋል፣ ከዛ በኋላ ሌላ መልስ አያስፈልገውም። ለማንኛውም ቁጥር ለሚወድ፦ የዓለም የስራ ድርጅት (አይ.ኤል.ኦ) በ2018 እ.ኤ.አ ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ክፍያ በሌለው የእንክብካቤና የቤት ስራ ላይ ይውላል፣ ከዚህ ውስጥ 76.2 በመቶውን የሚሰሩት ሴቶች ናቸው። የዓለም ባንክ ደሞ በ2021 እ.ኤ.አ እንዳለው 350 ሚሊዮን የሚሆኑ ለትምህርት ቤት ያልደረሱ ልጆች የህፃናት ማቆያ ያስፈልጋቸዋል ግን አያገኙም። እነዚህ ልጆች አየር ላይ አይደለም የሚውሉት፣ የሆነ ሰው እጅ ላይ ናቸው።

እና ደሞ የልጅ አእምሮ እንደ መጀመሪያዎቹ ሶስት ዓመታት የሚፈጥንበት ጊዜ የለም፣ በነዛ ዓመታት ቀኑን ሙሉ አይን አይኗን እያየ የሚውለው እሷን ነው። እሷ ስትደክም ልጁ ድካሟን ያያል፣ እሷ ስትስቅ ይስቃል። ስለዚህ እሷን ማገዝ ማለት ልጁን ማገዝ ነው፣ በመሀላቸው ግድግዳ የለም።

ከየት ልጀምር?

ከመጠየቅ። ቀላል ይመስላል ግን አብዛኞቻችን አናደርገውም፣ በቀጥታ መመሪያ መስጠት ነው የምንጀምረው። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን እናቴ ጋ ስተው አንድ ሙሉ ገጽ መመሪያ፣ የሚተኛበት ሰዓት፣ የሚበላው፣ የማይበላው፣ ምኑ ምናምኑ፣ ጽፌ ሰጠኋት። እሷም "እሺ" ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ መነጽሯን እንኳን አልፈለገችም። ከሳምንታት በኋላ ነው "ከቀኑ ውስጥ የሚከብድሽ የትኛው ሰዓት ነው?" ብዬ የጠየቅኳት፣ ያኔ ነው ለካ ከሰዓት ደረጃ ላይ ተሸክማው መውጣት ጉልበቷን እየገደለው እንደሆነ ያወቅኩት። የኔ ወረቀት ላይ ስለ ደረጃ ምንም አልነበረም።

"ምን ላግዝሽ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ "ምንም፣ ደህና ነኝ" ነው። ይልቅ ጠበብ አድርጋችሁ ጠይቁ። ምሳ የምትበዪው ስንት ሰዓት ነው? ሽንት ቤት ስትሄጂ ልጁን የት ታስቀምጪዋለሽ? ባለፈው ሳምንት እሱን በመያዝሽ ምን ቀረብሽ? የዚች የመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ አንዳንዴ ያስደነግጣል።

ገንዘብ ልስጣት ወይስ ትቀየመኛለች?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ችግሩ ገንዘቡ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። እሷ "ለልጅ ልጄ እንዴት ገንዘብ እቀበላለሁ" ትላለች፣ እናንተ ደሞ "ብሰጣት እንደ ሰራተኛ ቆጠረችኝ ትላለች" ትላላችሁ፣ በዚህ መሀል እሷ ስታገኘው የነበረውን ትንሽ ገቢ ትታ፣ የሀኪም ቀጠሮዋን አሳልፋ፣ ከራሷ ኪስ ዳይፐር እየገዛች ሁለት ዓመት ይሞላል። ከዛ አንድ ቀን በማይረባ ነገር ትጣላላችሁ፣ ፀቡ ግን ስለዛ የማይረባ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ወጪና ክፍያን ለዩ። ወጪ ማለት ልጁ የሚበላው፣ ዳይፐሩ፣ ትራንስፖርቷ፣ ጎረቤት ቤት ከሆነ የሚፈጀው ውሃና መብራት፣ የሚሰብረው እቃ ጭምር፣ እሱ የናንተ ነው፣ እሷ እስክትጠይቅ አይጠበቅም። ክፍያው ላይ "ስንት ልክፈልሽ?" ብሎ እሷን ቁጥር ማስጠራት ጥሩ አይደለም፣ ይሉኝታ የያዘው ሰው "ተይው ባክሽ" ነው የሚለው። የምትችሉትን ቆርጣችሁ "በየወሩ ይሄን መድበናል" ብላችሁ ቅረቡ። አሻፈረኝ ካለች የመድኃኒቷን ወጪ መሸፈን ወይም የሆነ የወር ክፍያዋን መክፈል አለ። ብቻ ቀኑ የታወቀ ይሁን። ትዝ ሲላችሁ የምትሰጡት ገንዘብ ስጦታ ነው፣ ስጦታ ደሞ ሁልጊዜ ምስጋና ይጠብቃል። በቀኑ የሚገባ ገንዘብ ግን የሷ ነው፣ እቅድ ታወጣበታለች።

የምትሰጡት ከሌላችሁስ? ጉልበት አለ። ከባዱን ልብሷን ማጠብ፣ ጉዳይዋን ቢሮ ሄዶ መጨረስ፣ ቅዳሜ የሷን ልጆች መያዝ። እንዳይረሳ እንደ ገንዘቡ ሁሉ ይሄም ቀን ይቆረጥለት።

ስለ ሰዓት ተነጋግረናል ግን አንድም ቀን በሰዓቱ አልመጣሁም፣ ችግር አለው?

አለው! "አስር ደቂቃ ብቻ" የምትሏት ነገር በሷ በኩል የሚታየው ሌላ ነው፣ ልጁ ደክሞታል፣ በር በሩን እያየ ነው፣ እሷ ደሞ ገና ማታ የራሷ ቤት ይጠብቃታል። የማይቀር መዘግየት ከሆነ ቀድሞ መደወል፣ ሁልጊዜ የሚዘገይ ከሆነ ደሞ የመውሰጃ ሰዓቱን ራሱ ማዘግየትና አምኖ መቀበል።

እና ሁለተኛ ሰው ይኑራችሁ። እሷ ብትታመም ማን ይይዛል? ይሄ ካልተወሰነ ጉንፋን ይዟት እያስነጠሰች ትይዘዋለች፣ ለማንም አይበጅም። በሳምንት ውስጥ ስልክ የማይደወልባት፣ "ለአንድ ሰዓት ብቻ" የማትባልበት ሙሉ ቀን ያስፈልጋታል።

ስልጠና ብናስገባትስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። አምስት ልጅ ያሳደገችን ሴት "የልጅ አያያዝ ስልጠና" ብሎ መጥራት በሩ ላይ መሳደብ ነው። በዛ ላይ ስልጠናው በስራ ሰዓት ከሆነ ልጁን ለማን ትታ ትሄዳለች? እንደዚህ አይነት ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ሰው አልመጣም ሲባል ሰምቻለሁ፣ እንዴት ይመጣል።

የሚሰራው ነገር ልጁንም ይዛ የምትመጣበት ነው። አራት አምስት ልጅ ያዦች በሳምንት አንዴ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ያወራሉ፣ የሆነች የጤና ባለሙያ ወይም መምህርት መጥታ አብራ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። እውቀቱ በወሬ መሀል ነው የሚገባው። ሌላው ደሞ ቤት ለቤት መጎብኘት ነው፣ ጎብኚዋ የጎደለውን ለመፈተሽ ሳይሆን የሚሰራውን አይታ "ይሄ ያልሽው ነገር ጥሩ ነው፣ ቀጥይበት" ብላ ለመጀመር ከመጣች። ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ ያወጡት የልጆች እድገት እንክብካቤ ፓኬጅም ሀሳቡ ከዚህ አይርቅም፣ ልጁን የምትይዘው ሰው እዛው እያለች ከልጁ ጋር ስትጫወትና ስታወራ ማየት፣ ማበረታታት፣ አንድ ሁለት ነገር መጨመር።

እናቴ በድሮው መንገድ ነው የምትይዘው፣ እንዴት ነው የምነግራት?

መጀመሪያ ዝም የምትሉትንና ዝም የማትሉትን ለዩ። ከእንቅልፉ በፊት የምትዘፍንለት ዘፈን፣ የምታለብሰው ሶስት ሹራብ (እሺ፣ ሶስት እንኳን ይበዛል)፣ ማንኪያ አያያዙ፣ እነዚህን ተዉላት። በሁሉም ነገር ከተከራከራችሁ አስፈላጊው ላይ ስትደርሱ ጆሮዋ ተዘግቷል።

ዝም የማይባልባቸው ጥቂት ናቸው። አንደኛ አንድ ዓመት ያልሞላው ህፃን ሲተኛ በጀርባው ይሁን፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ የለ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ የለ፣ አሻንጉሊት የለ። ሁለተኛ እስከ ስድስት ወር ውሃ አይሰጥም፣ የእናት ጡት ወተት ወይም ፎርሙላ ብቻ። ሶስተኛ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማር አይቀምስም፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል፣ "በጣት ጫፍ ትንሽ" የሚባል ነገርም የለም። አራተኛ ህፃን በኃይል አይወዘወዝም፣ የቱንም ያህል ቢያለቅስ። ቁጥጥር ካጣች ልጁን ደህና ቦታ ላይ በጀርባው አስተኝታ፣ በር ገርበብ አድርጋ ወጥታ ትንፋሽ መውሰድ ትችላለች፣ አልቅሶ የሞተ ልጅ የለም፣ ተወዝውዞ ግን አለ።

አነጋገሩ ላይ ደሞ "ተሳስተሻል" አትበሉ፣ ምክንያቱም በዘመኗ አልተሳሳተችም። በሆድ ማስተኛትን በብዙ አገር ሐኪሞች ራሳቸው ይመክሩት ነበር እኮ! ጥናቱ ሲጠራቀም ምክሩ ተገለበጠ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ ህፃናትን በጀርባ አስተኙ የሚል ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በአስር ዓመት ገደማ ውስጥ ድንገተኛ የህፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ይሄን ታሪክ ንገሯት፣ "ያኔ የተነገራችሁ እንደዛ ነበር፣ አሁን ሌላ ነገር ታወቀ" ማለት ክብሯን አይነካም። ካልሆነ ደሞ ክትባት ስትሄዱ ይዛችኋት ሂዱና ነርሷ ትንገራት። ከልጇ ያልሰማችውን ከነርስ ትሰማለች፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቀኑን ሙሉ ቲቪ ከፍታለት ነው የምትውለው፣ ምን ላድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። እሺ፣ ይሄን ታውቃላችሁ። ግን ለምን ከፈተችው? ምግብ ለማብሰል? ጉልበቷን ስላመማት? ዝምታው ስለከበዳት? አብዛኛውን ጊዜ ቲቪው ሁለተኛዋ ልጅ ያዥ ነው፣ እሷን አባርራችሁ ምትክ ካልላካችሁ ተመልሳ ትመጣለች።

ምትክ ማለት ምሳውን ጠዋት ሰርቶ መሄድ ሊሆን ይችላል። ወይ ኩሽና ውስጥ የልጁ የሆነች አንዲት መሳቢያ፣ የማይሰበር ሰሀን፣ ክዳን፣ ማንኪያ የሞላባት፣ እሷ ስታበስል እሱም "እንዲያበስል"። ወይ ደሞ ከትምህርት ቤት የሚመለስ የጎረቤት ልጅ ለአንድ ሰዓት መጥቶ እንዲያጫውተው ማድረግ። ዝምታው ከሆነ የከበዳት ሬዲዮና ሙዚቃ ይከፈት፣ ስክሪኑ ብቻ ይጥፋ። ያው አንዳንድ ቀን ቲቪው ይከፈታል፣ ሰማይ አይደፋም።

ምን እያስተማረችው ትዋል? ፊደል አትችልም

ፊደል ማን ጠየቃት። ይሄ ዕድሜ የሚፈልገው ሰጥቶ መቀበል ነው፣ ልጁ ድምፅ ያወጣል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ልጁ በጣቱ ያሳያል፣ እሷ አይታ ስሙን ትናገራለች፣ እሱ ይስቃል፣ እሷ ትስቃለች። ሳይንቲስቶቹ ብዙ ገፅ የጻፉለት ነገር ይሄው ነው። አክስት ልብስ እያጠፈች "ይሄ የማነው? የአባባ ነው! ይሄ ትንሿስ?" ስትል ቀለም፣ መጠን፣ ቁጥር፣ የሰው ስም ሁሉ እያስተማረች ነው፣ እሷ ግን "ምንም አላስተማርኩትም፣ ልብስ ሳጥፍ ነው የዋልኩት" ትላለች። ንገሯት፣ ማታ ስትመጡ "ዛሬ 'ትንሽ' የምትል ቃል ተናገረ፣ ካንቺ ነው የተማረው" በሏት።

ቋንቋዋ የተለየ ከሆነ በራሷ ቋንቋ ታውራው። ልጅ በሁለት ቋንቋ አይምታታም፣ ቃላቱን ቢቀላቅልም እየለየ ይሄዳል። የማትችለውን ቋንቋ በግድ ስትናገር ወሬዋ ሶስት ቃል ላይ ያልቃል፣ በራሷ ቋንቋ ግን ተረቷም ቀልዷም ቁጣዋም ሙሉ ነው።

ብትመታውስ?

ይሄ ልጁን ከመተዋችሁ በፊት የሚነገር ነገር ነው፣ ሳይቃጠል በቅጠል። "እኛ አንመታውም፣ አንቺም እንዳትመቺው" ብሎ በግልፅ። ግን የምትከለክሉትን ብቻ ነግራችሁ አትሂዱ፣ "ታዲያ ሲያስቸግር ምን ላድርግ?" ማለቷ አይቀርም፣ ልክም ናት። የሁለት ዓመት ልጅ የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ሲርበው፣ እንቅልፉ ሲመጣ ወይ ሲሰለቸው ነው፣ መጀመሪያ እነሱን ማየት። ሊይዘው የማይገባውን እቃ ከአይኑ ማራቅ ቀኑን ሙሉ "ተው" ከማለት ይቀላል። ሁለት ምርጫ መስጠት፣ ወስዶ ቦታ መቀየር፣ ንዴቱ እስኪያልፍ አጠገቡ መቀመጥ። እናንተም ቤት ውስጥ እንደዛው አድርጉ፣ እናት እየመታች አያትን አትምቺ ማለት አያስኬድም።

ቤቷ ለልጅ ያልተዘጋጀ ነው፣ ምን ምን ላሟላላት?

የልጅ ቁመት ላይ ሆናችሁ እየዳሃችሁ ቤቱን አንዴ ዙሩት፣ ከሷ ጋር አብራችሁ፣ ስቃችሁም ትጨርሱታላችሁ። መድኃኒትና ማጽጃ ከፍ ብሎ ይቆለፍ፣ በተለይ የሷ የራሷ መድኃኒት፣ አያት ቦርሳ ውስጥ ያለ የደም ግፊት ኪኒን ለልጅ ከረሜላ ነው የሚመስለው። ውሃ የያዘ ባልዲ አይቀመጥ፣ ህፃን በጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ከሪሞት ውስጥ የምትወጣዋን ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ተጠንቀቁ፣ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፣ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ነገ ከነገወዲያ የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል።

የምትገዙት ነገር ካለ ልጁን ሳይሆን የሷን ሰውነት አስቡ። ዳይፐር የምትቀይርበት ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል ወለል ላይ ከማጎንበስ፣ ቀለል ያለ ጋሪ፣ ከልጁ ጋር ወለል ላይ ስትሆን የምትደገፍበት ነገር። አሻንጉሊት? ካርቶንና ጣሳ ይበቃዋል።

ድንገተኛ ነገር ቢፈጠር ታውቅበታለች?

ወረቀት ላይ ትልልቅ ፊደል አድርጋችሁ በር ጀርባ ለጥፉ፦ የናንተ ስልክ፣ የሌላ ሰው ስልክ፣ የአምቡላንስ ስልክ፣ የቤቱ አድራሻ (ሰው ሲደነግጥ የራሱን ሰፈር ይረሳል)፣ ልጁ የማይስማማው ነገር። ማንበብ የማትችል ከሆነ ስልኳ ላይ በፎቶ ይቀመጥላት። እና ወደ ሐኪም ለመውሰድ ፈቃድ እንደማያስፈልጋት ንገሯት፣ "ሳልነግራቸው ወስጄው ቢቆጡኝስ" ብላ የምትጠብቅ አለች። ለዛም የሚሆን ገንዘብ እሷ ጋ ይቀመጥ።

ሶስት ወር ያልሞላው ህፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ መጠበቅ የለም፣ ወዲያው ሐኪም ጋ። ተቅማጥ ከሆነ ኦ.አር.ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ቤት ውስጥ ይኑር። ትንታ ላይ ደሞ ስትጫወቱ በአሻንጉሊት አብራችሁ ተለማመዱት፦ መተንፈስም ማልቀስም ማሳልም ካቃተው፣ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ክንድ ላይ በሆዱ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ትከሻዎቹ መሀል አምስት ጊዜ መምታት፣ ከዛ ገልብጦ በአንድ እጅ መዳፍ ግርጌ ደረቱ መሀል አምስት ጊዜ መጫን፣ እያፈራረቁ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ጀርባው ላይ አምስት፣ ከዛ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት። አንድ ሰው አምቡላንስ ይደውል። ወደ አፉ ጣት ከቶ በጭፍን መፈለግ አይሆንም፣ የበለጠ ይገፋዋል። ኦቾሎኒ፣ ድቡልቡል ከረሜላ፣ ሙሉ የወይን ፍሬ እስከ አራት ዓመት ድረስ አይሰጡም፣ ወይኑ ከሆነ ለአራት ተሰንጥቆ።

ጎረቤት ስትሆን ከዘመድ የተለየ ነገር አለው?

አለው። ዘመድ ጋ ይሉኝታው ይበዛል፣ ጎረቤት ጋ ደሞ የማታውቁት ነገር ይበዛል። እዛ ቤት ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል፣ እሷ ስትወጣ ልጁ ከማን ጋር ይቆያል፣ ውሻ አለ ወይ፣ ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ ወይ፣ ሌላ ስንት ልጅ ትይዛለች። ልጅ ሲበዛባት ብዛቱ በዛ ወይ ብላችሁ ከመከራከር አንድ ነገር አስቡ፣ እሳት ቢነሳ ሁሉንም በአንዴ ይዛ መውጣት ትችላለች? ሁለት የማይራመዱና አንድ የሚሮጥ ካለ መልሱ ይታወቃል።

መጠየቅ ነውር አይደለም። አልፎ አልፎ ሳትነግሯት ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ማምጣትም እንደዛው። ልጁ ወደዛ ቤት መሄድ ድንገት እምቢ ካለ፣ ሰውነቱ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ምልክት ካያችሁ፣ ባህሪው ከተለወጠ "እሷ እንዴት ትቀየመኛለች" የሚባልበት ሰዓት አይደለም፣ ልጁን መጀመሪያ ታወጣላችሁ፣ ሐኪም ያየዋል፣ ጥያቄው ከዛ በኋላ ይመጣል።

ሰሞኑን ዝም ብላለች፣ ትበሳጫለች፣ ደክሟት ይሆን?

ሊሆን ይችላል፣ ብቸኝነትም ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ትልቅ ሰው ሳታናግር መዋል ሰውን ይጎዳል፣ በተለይ ልጅ ለመያዝ ብላ ከራሷ ሰፈር ተነስታ እናንተ ጋ የመጣች አያት ጓደኞቿን ጥላ ነው የመጣችው። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ድሮ የምትወደውን ነገር መተው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ውሰዷት፣ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት።

የምይዘው እኔ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ እንዴት ልንገራቸው?

እንኳን ጠየቅሽ፣ ይሄን የምታነቡት ወላጆች ብቻ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ስትፈነጂ አትንገሪያቸው፣ ረጋ ያለ ቀን ፈልጊ። "አልቻልኩም" ከማለት የምትችይውን ቆርጠሽ ተናገሪ፦ "ሶስት ቀን እይዛለሁ፣ ሁለቱን ፈልጉ" ወይም "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምችለው"። ምክንያት መደርደር አይጠበቅብሽም። ምትክ እስኪያገኙ አንድ ወር ስጪያቸው፣ ከዛ በላይ ግን ቀኑን አትግፊው። እምቢ ማለት ልጁን አለመውደድ አይደለም፣ እንደዛ ብሎ የሚያስጨንቅሽ ሰው ካለ እሱ ራሱ ሁለት ቀን ይያዘው።

መንግስትና ድርጅቶችስ ምን ማድረግ ይችላሉ?

የሚቻል ነገር እንዳለ ማሳያ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ያለ የልጅ ልጇን የምትይዝ ለጡረታ ያልደረሰች አያት ወላጁ የማይፈልገውን የጡረታ መዋጮ ክሬዲት ወደ ራሷ ማዛወር ትችላለች፣ ማለትም የያዘችበት ዓመት ለጡረታዋ ይቆጠራል። ስዊድን ደሞ ከሀምሌ 2024 እ.ኤ.አ ጀምሮ ወላጆች ከሚከፈልበት የወላጅነት ፈቃዳቸው እያንዳንዳቸው እስከ 45 ቀን ለአያት ወይም ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላሉ። ሁለቱም "አመሰግናለሁ" የሚል ሰርተፊኬት አልሰጧትም፣ የሚቆጠር ነገር ነው የሰጧት።

ፕሮግራም ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ ደሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ፎርሙ አንድ ገጽ ይሁን፣ ፈቃድና ምዝገባ የመጀመሪያው ቃላችሁ አይሁን (ሊቀጡን ነው ብለው በር ይዘጋሉ)፣ ትራንስፖርት ክፈሉ፣ ከልጅ ያዦቹ መሀል ሰው የሚሰማትን አንዷን ቀጥሩ።

ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፣ ከዛ በኋላስ?

ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ትንሽ ነው። ልጁ ዩኒፎርም ለብሶ ፎቶ ሲነሳ እሷ ያን ቀን ጠዋት ባዶ ቤት ነው የምትቀረው፣ የምትከፍሏት ገንዘብ ካለም እሱ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ሶስት አራት ወር ቀድማችሁ ንገሯት፣ በአንዴ አትቁረጡት፣ መጀመሪያ አካባቢ ከትምህርት ቤት መመለሻውን እሷ ትቀበለው፣ ክፍያውን ቀስ አድርጋችሁ ቀንሱት። ትምህርት ቤት ሲመዘገብም ይዛችኋት ሂዱ። መምህሯ "ሲያለቅስ በምን ይባበላል?" ብላ ስትጠይቅ መልሱን የምታውቀው እሷ ናት።